ዕድሜ በዓመት ብቻ ይለካልን? አረጋውያንና የመቅኔ ንቅለ ተከላ

በቃሊቲ የሚኖሩ አንድ አባት እናስብ። በአቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ለረጅም ዘመን ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። እናታቸው በሕይወት ሳሉ «አንተ የተወለድኸው በታኅሣሥ ግርግር ዓመት ነው» ይሏቸው ስለ ነበር የልደት ዘመናቸውን 1953 ዓ.ም. ብለው ይቆጥራሉ፤ ሥራ ሲቀጠሩ በተሞላው ቅጽ ላይ የሰፈረው ዓመት ግን ሦስት ዓመት ያስረጃቸዋል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ድካም ይጫናቸዋል፤ ድዳቸው ይደማል፤ ትኩሳት ይመላለስባቸዋል። ከጤና ጣቢያ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተላኩ። የመቅኔ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ሕመማቸው ማየሎዲስፕላዥያ መሆኑ ታወቀ። ይህ ሕመም መቅኔው ጉድለት ያለባቸውን የደም ሕዋሳት እንዲያመርት የሚያደርግና ውሎ አድሮ ወደ ደም ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ነው። ሕመሙን ከሥሩ ሊነቅል የሚችለው ሕክምና ከሌላ ሰው የሚወሰድ መቅኔ እንደ ሆነ ልጆቻቸው ሲሰሙ የቤቱን ካርታ አውጥተው መምከር ጀመሩ። ቤቱ ተሽጦ አባታችን ወደ ውጭ አገር ይሂዱን? ወይስ «በዚህ ዕድሜ ምን ያደርግላቸዋል» ተብሎ ይቅር?

እኚህ አባት እኛ ለምሳሌ ያህል የፈጠርናቸው ናቸው፤ ጥያቄው ግን የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሳይንስ ለዚህ ጥያቄ ምን ያህል መልስ እንዳለው፣ አንድ አረጋዊ ከባድ ሕክምናን ይችል እንደ ሆነ በምን እንደሚመዘን፣ ሚዛኑም ወደ አገራችን ሲመጣ ምን ማስተካከያ እንደሚያሻው እንመለከታለን።

ለመሆኑ መቅኔ ምንድን ነው?

መቅኔ በአጥንታችን ውስጥ የሚገኝ ለስላሳ ክፍል ሲሆን የደም ፋብሪካ ብንለው ስሕተት አይሆንም። በውስጡ ግንደ ሕዋስ ወይም በተለምዶ አጠራር ስቴም ሴል የሚባሉ ጥቂት ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት ራሳቸውን እየተኩ፣ ኦክስጅን የሚያጓጉዙትን ቀይ የደም ሕዋሳት፣ በሽታን የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሕዋሳትና ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሌትሌቶች ያስገኛሉ። ግንደ ሕዋሱ ሲበላሽ ከእርሱ የሚመነጨው ሁሉ ይበላሻል። ቃሊቲያዊው አባት የሚደክማቸው ቀይ ሕዋስ፣ የሚደሙት ፕሌትሌት፣ የሚያተኩሳቸውም ጤናማ ነጭ ሕዋስ ስላነሳቸው ነው።

የንቅለ ተከላው አሠራር በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው። መጀመሪያ የታመመው መቅኔ በኬሞቴራፒ፣ አንዳንድ ጊዜም በጨረር እንዲጠፋ ይደረጋል። ቀጥሎ ከጤናማ ለጋሽ የተወሰደ ግንደ ሕዋስ እንደ ማንኛውም ደም በደም ሥር ይሰጣል። ቀዶ ሕክምና የለውም። ሕዋሳቱ በደም ውስጥ ተጉዘው መቅኔ ውስጥ ይሰፍራሉ፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥም አዲስ ደም ማምረት ይጀምራሉ።

ችግሩ ያለው በመካከሉ ነው። አሮጌው መቅኔ ጠፍቶ አዲሱ እስኪሠራ ድረስ ሰውነት ያለ ወታደር ይቆያል፤ ቀላል ኢንፌክሽን ሳይቀር ሊገድል ይችላል። አዲሱ መቅኔ ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል። የለጋሹ ነጭ የደም ሕዋሳት የተቀባዩን ቆዳ፣ ጉበትና አንጀት እንደ ባዕድ ቆጥረው ሊያጠቁ ይችላሉ። የሚገርመው፣ እነዚሁ ሕዋሳት ተደብቆ የቀረውን የካንሰር ሕዋስም የሚያድኑ መሆናቸው ነው። ስለዚህ የንቅለ ተከላው መድኃኒትም መርዝም ከአንድ ምንጭ ይቀዳል።

አረጋውያን ለምን ከደጅ ቀሩ?

አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዋርድ ዶናል ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1957 መቅኔን በደም ሥር ለሰው የመስጠት የመጀመሪያ ሙከራዎቹን ይፋ አደረገ። ፈረንሳዊው ዣን ዶሴ በ1958 ኤች ኤል ኤ የተባሉትን የሕዋስ መለያ ምልክቶች ማግኘቱ ደግሞ ለጋሽና ተቀባይ የሚመሳሰሉበትን መንገድ ከፈተ። ዶሴ በ1980፣ ቶማስ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆነዋል።

ይሁን እንጂ በእነዚያ ዐሥርት ዓመታት ይሰጥ የነበረው ኬሞቴራፒና ጨረር እጅግ ኃይለኛ ነበር። ልብ፣ ሳንባና ጉበት ይህን ጫና መሸከም ነበረባቸው። በዚህም የተነሣ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ብዙ ሆስፒታሎች ዕድሜው ከ50 ወይም ከ55 ዓመት ያለፈን ሕመምተኛ ለንቅለ ተከላ አያስቡትም ነበር። ነገሩ ምጸት አለበት። ማየሎዲስፕላዥያም ሆነ አጣዳፊው የማየሎይድ የደም ካንሰር በዕድሜ የሚበረታ ሕመም ነው፤ በአሜሪካ ሕመምተኞች ላይ አጣዳፊው ካንሰር የሚታወቅበት መካከለኛ ዕድሜ ወደ 68 ዓመት ይጠጋል። ሕክምናው ለወጣት፣ ሕመሙ ለአረጋዊ ሆኖ ቆየ ማለት ነው።

መንገዱ የተለወጠው ተመራማሪዎች አንድ ነገር በማስተዋላቸው ነው። ካንሰሩን የሚያጠፋው ኬሞቴራፒው ብቻ ሳይሆን የለጋሹ ሕዋስ ጭምር ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ዝግጅት ማለዘብ ይቻላል። በሲያትል ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ሪፖርት፣ በተለመደው አሠራር 12 ግሬይ ገደማ ይሰጥ የነበረውን ጨረር ወደ 2 ግሬይ ዝቅ አድርገው ንቅለ ተከላ ማካሄድ እንደሚቻል አሳዩ። በዚህ የለዘበ ዝግጅት በስድሳዎቹና በሰባዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ሰዎች ሕክምናውን ማግኘት ጀመሩ።

መለዘቡ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የታተመ፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65 የሆነ 272 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ኃይለኛውንና የለዘበውን ዝግጅት አነጻጽሯል። ከ18 ወራት በኋላ በሕክምናው ጠንቅ የሞቱት ኃይለኛውን ካገኙት 15.8 በመቶ፣ የለዘበውን ካገኙት 4.4 በመቶ ነበሩ። ካንሰሩ ያገረሸባቸው ደግሞ በኃይለኛው 13.5 በመቶ፣ በለዘበው 48.3 በመቶ ሆኑ። ስለዚህ ለሁሉም የሚስማማ አንድ ዓይነት ዝግጅት የለም፤ የትኛው ሰው ምን ያህል ጫና ይችላል የሚለውን አስቀድሞ ማወቅ ግድ ይላል።

አለማከምም አደጋ አለው

«አባታችንን በሰላም እንተዋቸው» የሚለው ውሳኔ ከአደጋ የራቀ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን እርሱም የራሱ አኃዝ አለው። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 75 የሆነ፣ ከፍ ያለ ሥጋት ያለው ማየሎዲስፕላዥያ የያዛቸው 384 ሕመምተኞች በአሜሪካ በተካሄደ ጥናት ተሳትፈው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ተስማሚ ለጋሽ ከተገኘላቸው መካከል ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 47.9 በመቶ ሲሆኑ፣ ለጋሽ ካልተገኘላቸው መካከል ግን 26.6 በመቶ ብቻ ነበሩ።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንባቢ በጥንቃቄ እንዲያያቸው እንወዳለን። ንቅለ ተከላው የብዙዎችን ሕይወት እንዳራዘመ ይመሰክራሉ፤ ለጋሽ ካገኙትም ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት እንዳልነበሩ አይደብቁም። እንግዲህ በዕድሜ ምክንያት ብቻ በሩን መዝጋት ሊድን የሚችለውን ሰው ያሳጣል፤ ሳይመዝኑ በሩን መክፈት ደግሞ የቀረውን ጊዜ ከቤተሰቡ ርቆ በሆስፒታል እንዲያሳልፍ ያደርጋል። የግምገማው ዓላማ ከእነዚህ ሁለት ስሕተቶች ማዳን ነው።

ሥጋትን በነጥብ መቁጠር

እ.ኤ.አ. በ2005 መሐመድ ሶሮር የተባለው ተመራማሪ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በሲያትል የታከሙ 1,055 ሕመምተኞችን መዝገብ መርምሮ አንድ የነጥብ መለኪያ አወጣ። መለኪያው 17 ተጓዳኝ ሕመሞችን ይዘረዝራል። ስኳር በሽታ፣ የልብ ምት መዛባት፣ ቀላል የጉበት ሕመም ለእያንዳንዳቸው 1 ነጥብ ያሰጣሉ። የጨጓራ ቁስለትና መካከለኛ የሳንባ ችግር 2 ነጥብ ያሰጣሉ። የልብ ቧንቧ በር ብልሽት፣ ከባድ የሳንባ ወይም የጉበት ሕመም፣ ቀደም ሲል የነበረ ሌላ ካንሰር ደግሞ 3 ነጥብ አላቸው።

በጥናቱ ውስጥ ለማረጋገጫ በተለዩት ሕመምተኞች ላይ፣ ካንሰሩ ሳያገረሽ በሌላ ምክንያት በሁለት ዓመት ውስጥ የሞቱት ምንም ነጥብ ከሌላቸው 14 በመቶ፣ 1 ወይም 2 ነጥብ ካላቸው 21 በመቶ፣ 3 እና ከዚያ በላይ ካላቸው 41 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል።

የዕድሜ ነገርስ? እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ሌላ ጥናት ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 75 የሆነ 372 ሰዎች የለዘበውን ንቅለ ተከላ ካገኙ በኋላ ተከታትለዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከ60 እስከ 64 ዓመት ከሆኑት 38 በመቶ፣ ከ65 እስከ 69 ከሆኑት 33 በመቶ፣ 70 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት 25 በመቶ ነበሩ። ይህ ልዩነት በስታቲስቲክስ መመዘኛ ጉልህ ሆኖ አልተገኘም፤ የተጓዳኝ ሕመሞች ብዛትና የካንሰሩ ጠባይ ያመጡት ልዩነት ግን ጉልህ ነበር።

የሳይንስ ተማሪ እዚህ ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። እነዚህ 372 ሰዎች ሐኪሞቻቸው «ይችላሉ» ብለው አስቀድመው የመረጧቸው ናቸው። ስለዚህ ውጤቱ «ማንኛውም የ70 ዓመት ሰው ንቅለ ተከላን ይችላል» አይልም፤ «በሚገባ ከተመረጡ የዓመታት ቁጥር ብቻውን ወሳኝ አይደለም» ይላል። በእነዚህ ሁለት አባባሎች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ወንበር፣ ሰዓትና አራት ሜትር

የሕመሞች ዝርዝር ሁሉን አይናገርም። ሁለት የ68 ዓመት ሰዎች በወረቀት ላይ እኩል ነጥብ ይዘው አንደኛው ሸክም ይዞ ዳገት ይወጣል፤ ሌላኛው ከወንበር ለመነሣት ደጋፊ ይሻል። ይህን ልዩነት ለመያዝ ሐኪሞች የአረጋውያን ሁለንተናዊ ግምገማ የሚባለውን ዘዴ ወደ ንቅለ ተከላው አምጥተዋል። ግምገማው የሚጠይቃቸው ነገሮች በአመዛኙ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛው የመራመድ ፍጥነት ነው። ወለል ላይ 4 ሜትር ይለካና ሕመምተኛው በተለመደ እርምጃው እንዲሄድ ይጠየቃል። በ5 ሰከንድ ከጨረሰ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.8 ሜትር፣ በ8 ሰከንድ ከጨረሰ 0.5 ሜትር ነው። ቀላል ቢመስልም መራመድ ልብን፣ ሳንባን፣ ጡንቻን፣ ዐይንን፣ ሚዛንን የሚጠብቀውን ጆሮና አንጎልን በአንድ ጊዜ ያሠራል፤ ከእነዚህ አንዱ ሲደክም እርምጃው ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት የደም ካንሰር ካለባቸው 75 እና ከዚያ በላይ ዓመት ከሆናቸው 448 ሰዎች ውስጥ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ በ0.1 ሜትር በቀነሰ ቁጥር የመሞት ሥጋት በ22 በመቶ ከፍ ብሎ ታይቷል።

ሁለተኛው ሰውየው ያለ ረዳት ምን ይሠራል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ላውተንና ብሮዲ የተባሉ ተመራማሪዎች ስምንት የኑሮ ተግባራትን ለይተዋል፤ እነርሱም ስልክ መጠቀም፣ መገበያየት፣ ምግብ ማዘጋጀት፣ ቤት ማስተካከል፣ ልብስ ማጠብ፣ በመጓጓዣ መሄድ፣ መድኃኒትን በሰዓቱ መውሰድና ገንዘብ መያዝ ናቸው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ 203 የንቅለ ተከላ ሕመምተኞች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ከእነዚህ ተግባራት አንዱ ያቃታቸውና እርምጃቸው የዘገየ ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

ሦስተኛው የማስታወስና የማሰብ ችሎታ ነው። ከንቅለ ተከላ በኋላ ሕመምተኛው በቀን ብዙ ዓይነት ክኒን ይውጣል፤ ትኩሳት ሲጀምረው ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። አራተኛው አመጋገብ ነው፤ ሳይፈለግ የመጣ የክብደት መቀነስ እንዲሁም አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ማነስ የሰውነት ስንቅ እያለቀ መሆኑን ይጠቁማሉ። አምስተኛው ሐዘንና ጭንቀት፣ ስድስተኛውም አስታማሚ መኖሩ ነው።

በቅርብ ዓመታት በአሜሪካ በብዙ ሆስፒታሎች ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆነ ከአንድ ሺህ በላይ የንቅለ ተከላ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ሰፊ ጥናት እነዚህን መለኪያዎች አንድ ላይ መዝኗል። ሥጋትን በመተንበይ ረገድ ጎልተው ከወጡት መካከል ተጓዳኝ ሕመሞች፣ የአልቡሚን ማነስ፣ የሰውነት ብግነትን የሚያሳይ የደም ምርመራ፣ የክብደት መቀነስና የማሰብ ችሎታ ይገኙባቸዋል። ዕድሜም ከእነርሱ ጋር ተቆጥሯል። እንግዲህ ዕድሜ ከንቱ መለኪያ ነው ማለታችን አይደለም፤ ከብዙ ምስክሮች አንዱ እንጂ ብቸኛው ዳኛ አይደለም።

ሚዛኑ ወደ ቃሊቲ ሲመጣ

ይህ ግምገማ ለአገራችን የሚስማማ አንድ ታላቅ ጠባይ አለው። አብዛኛው ክፍሉ ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ ሰዓት፣ ወንበር፣ የሜትር ገመድና የሚያዳምጥ ጆሮ ይበቃዋል። ከዚህም በላይ የዕድሜ ቁጥር በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ግምት ነው። የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ የዛሬዎቹ አረጋውያን ልደታቸውን የሚቆጥሩት በዘመን ምልክት ነው፤ «ጣልያን ሲወጣ»፣ «በታኅሣሥ ግርግር»፣ «አብዮቱ ሲፈነዳ» እየተባለ። ለንቅለ ተከላ «እስከ 65 ዓመት» የሚል ድንበር ብናሰምር ቃሊቲያዊው አባት በእናታቸው አቆጣጠር ከድንበሩ ላይ፣ በሥራ ቅጻቸው ከድንበሩ ውጭ ይሆናሉ። አራት ሜትሩን የሚራመዱበት ሰከንድ ግን በሁለቱም ያው ነው።

ሆኖም መለኪያውን እንዳለ መቅዳት ያሳስታል። «ምግብ ያዘጋጃሉን?» ተብለው ቢጠየቁ «ወጥ ሠርቼ አላውቅም» ይላሉ። ይህ የልማድ ጉዳይ እንጂ የድክመት ምልክት አይደለም፤ የመለኪያው ደራሲያንም በመጀመሪያ ምግብ ማዘጋጀትን፣ ቤት ማስተካከልንና ልብስ ማጠብን ለወንዶች አይቆጥሩም ነበር። በምትኩ የሚጠየቀው ቀድሞ የሚሠሩትን ዛሬ ይሠራሉን የሚለው ነው። የዕድር ስብሰባ ይደርሳሉን? ጡረታቸውን ራሳቸው ተቀብለው ይቆጥራሉን? ከቃሊቲ መናኸሪያ ታክሲ ይዘው ወደ መሐል ከተማ ብቻቸውን ሄደው ይመለሳሉን? የማሰብ ችሎታ ፈተናም እንዲሁ ነው። ስዕል መቅዳትና ፊደል መቁጠር የሚጠይቅ ፈተና ትምህርት ቤት ያልገባችን ብሩህ እናት «የማስታወስ ችግር አለባት» ሊያሰኛት ይችላል።

ሌላው ማስተካከያ በሳንባ ምርመራ ላይ ነው። በነጥብ መለኪያው ውስጥ ሳንባ ጋዝን ወደ ደም የማስተላለፍ አቅሙ ይለካል። ምርመራው የሚካሄደው በጣም ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ በማስተንፈስ ሲሆን ይህ ጋዝ በቀይ ሕዋስ ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ይያያዛል። ሕመምተኛው ደም ካነሰው ጋዙን የሚይዝለት ሄሞግሎቢን ጥቂት ስለሚሆን ሳንባው ጤናማ ሆኖ ሳለ የታመመ ይመስላል። በአንጻሩ እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ስፍራ የኦክስጅን ግፊት ስለሚያንስ ጋዙ ተቀናቃኝ አጥቶ በቀላሉ ይያያዛል፤ ውጤቱም ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ሁለቱም በስሌት ካልታረሙ አንድ ሰው የማይገባውን ነጥብ ተሸክሞ ይቀራል፣ ወይም የሚገባው ነጥብ ይታለፍለታል።

በመጨረሻም በአውሮፓና በአሜሪካ ዝርዝሮች ጎልተው የማይታዩ እንግዶች አሉ። በወጣትነት ይዞ የተኛ የሳንባ ነቀርሳ፣ ምልክት ሳያሳይ በጉበት የተቀመጠ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ፣ ለዓመታት በአንጀት የኖረ ስትሮንጂሎይድስ የተባለ ትል የመከላከል አቅም ሲጠፋ ሊነሡ ይችላሉ። እነዚህ አስቀድመው ከታወቁ መከላከያ መድኃኒት አላቸው።

ለጋሹስ ማን ይሁን?

ከአንድ እናትና አባት የተወለደ እያንዳንዱ ወንድም ወይም እኅት በኤች ኤል ኤ ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድሉ 25 በመቶ ነው። አምስት ወንድምና እኅት ያለው ሰው ቢያንስ አንድ የሚመሳሰለው የማግኘት ዕድሉ ስንት ነው? አንዱ ያለመመሳሰሉ ዕድል 0.75 ስለ ሆነ አምስቱም ያለመመሳሰላቸው ዕድል 0.75 በራሱ አምስት ጊዜ ተባዝቶ 0.24 ገደማ ይሆናል፤ ቢያንስ አንድ የማግኘቱ ዕድል እንግዲህ 76 በመቶ ነው። ትልቅ ቤተሰብ እዚህ ላይ ሀብት ነው።

የቤተሰብ ለጋሽ ከጠፋ በዓለም አቀፍ መዝገብ መፈለግ ይቻላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካን መዝገብ የመረመረ ጥናት ሙሉ በሙሉ የሚመሳሰል ለጋሽ የማግኘት ዕድል ለአውሮፓ ዝርያ ነጮች 75 በመቶ ሲሆን ለአፍሪካውያን 18 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ የአፍሪካ ሕዝቦች የዘር ውርስ እጅግ የተለያየ ነው፣ በመዝገቡ ያሉት አፍሪካውያንም ጥቂቶች ናቸው።

ለአረጋዊ ሕመምተኛ ሌላም ጥያቄ አለ፤ ወንድሙና እኅቱም አረጋውያን ናቸው። የእነርሱም መቅኔ አርጅቷል፤ መስጠቱም ለራሳቸው ጤና መመዘን አለበት። እዚህ ላይ ልጆች ይገባሉ። እያንዳንዱ ልጅ የወላጁን ኤች ኤል ኤ ግማሽ በእርግጠኝነት ይወርሳል። ቀድሞ ግማሽ መመሳሰል አደገኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የሲያትል ባልደረቦቻቸው ከንቅለ ተከላው ሦስትና አራት ቀን በኋላ ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለውን መድኃኒት በመስጠት አጥቂዎቹን ሕዋሳት መቀነስ እንደሚቻል ካሳዩ ወዲህ ግን ልጅ ለወላጁ መለገስ የተለመደ ሆኗል።

ቤቱ ከመሸጡ በፊት

የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ከሌላ ሰው የሚወሰድ መቅኔ ንቅለ ተከላ ግን በአገራችን ሥር የሰደደ አገልግሎት ባለመሆኑ ብዙ ጊዜ ሐሳቡ ወደ ውጭ ጉዞ ያመራል። ግምገማው በተለይ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ቤተሰብ ጥሪቱን አሟጦ ከተጓዘ በኋላ «ልባቸው አይችልም» ከሚባል፣ ሊመረመር የሚችለው ሁሉ በአገር ውስጥ ቢመረመር ይሻላል።

በቅድሚያ ሕመሙ በእርግጥ ንቅለ ተከላ የሚሻ መሆኑ ይጣራል። ሥር የሰደደው የማየሎይድ ደም ካንሰር ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። ቀድሞ ፈውሱ ንቅለ ተከላ ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ኢማቲኒብ የተባለው ክኒን ከጸደቀ ወዲህ ግን አብዛኞቹ ሕመምተኞች ክኒን እየዋጡ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ፤ በጥቁር አንበሳም በዓለም አቀፍ የእርዳታ ፕሮግራም አማካይነት መድኃኒቱን በነጻ ያገኙ ብዙ ናቸው።

ቀጥሎ አስታማሚ ይታሰባል። ከንቅለ ተከላ በኋላ ባሉት 100 ቀናት ገደማ ከጎን የማይለይ ሰው ያስፈልጋል። በቃሊቲ አስታማሚ አይጠፋም፤ ይልቁንም ይበዛል። ጎረቤቱና ዕድርተኛው ሁሉ ሕመምተኛን መጠየቅ ግዴታው አድርጎ ይቆጥራል። የመከላከል አቅሙ ለጠፋ ሰው ግን ጉንፋን ይዞ አልጋው ጫፍ የሚቀመጥ ወዳጅ አደጋ ነው። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተትም ለጊዜው ይቀራሉ፤ ጾም የሚጾሙ ከሆነም ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር አስቀድመው ይመክራሉ። ይህን ለቤተሰቡና ለዕድሩ ማስረዳት የሕክምናው አካል ነው።

ከሁሉ በላይ ግምገማ መዝጊያ ብቻ ሳይሆን መክፈቻም ነው። እርምጃቸው የዘገየ አባት በየዕለቱ በልክ እንዲራመዱና ከወንበር እንዲነሡ ይለማመዳሉ፤ የከሱት ይመገባሉ፤ የተደራረበው መድኃኒት ይቀነሳል፤ የጥርስ ኢንፌክሽን ይታከማል። ንቅለ ተከላው እስኪደርስ ባሉት ሳምንታት የሚገኝ ትንሽ ብርታት ዋጋው ትልቅ ሊሆን ይችላል። ግምገማው «አይችሉም» ቢል እንኳ ደም መስጠትን፣ ቀለል ያለ ኬሞቴራፒንና ሥቃይ ማስታገስን የያዘ ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም ሕክምና ነው።

ነጥቡ ፍርድ አይደለም

41 በመቶ የሚለው አኃዝ ስለ መቶ ሰዎች ይናገራል፤ ከመቶዎቹ መካከል አባታችን የትኛው እንደሚሆኑ አይናገርም። ስለዚህ የመጨረሻው ጥያቄ የሚቀርበው ለራሳቸው ነው። በባህላችን ክፉ ዜና ከሕመምተኛው ተደብቆ ለልጆች በሹክሹክታ መነገሩ የተለመደ ነው። ነገር ግን የልጅን ሠርግ ለማየት ሁሉን አደጋ የሚቀበል አባት አለ፤ የቀረውን ጊዜ በደጁ፣ በጎረቤቱ መካከል ማሳለፍ የሚመርጥም አለ። ይህን የሚያውቅ የደም ምርመራ አልተሠራም። «አባቴ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አንባቢ ሆይ፣ ወደ ቤትህ ስትመለስ አንድ ትንሽ ሙከራ እንድታደርግ እንጋብዝሃለን፤ አንቺም እንዲሁ። ደልዳላ ወለል ላይ 4 ሜትር ለኩና አያታችሁ በፈቃዳቸው፣ በለመዱት እርምጃ ሲሄዱ ሰዓት ያዙ፤ እንዳይወድቁም ከጎናቸው ሁኑ። አራትን ለሰከንዱ ስታካፍሉ የምታገኙት ቁጥር ብቻውን ሕመምን አይናገርም፤ በየዓመቱ ከዘገየ ግን ለሐኪም የሚነገር ቁም ነገር ነው። ከዚያም ቁጭ ብላችሁ የተወለዱበት ዘመን ምን ይመስል እንደ ነበር ጠይቋቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ ጉልበታቸውን፣ ሁለተኛው ሰውነታቸውን ያሳውቃችኋል፤ መልካም ሐኪምም ሁለቱንም ይጠይቃል።